በበሽተኛው ደረት ላይ የተኛችው ተማሪ

ጓደኞቿ «ጄነሬተር» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሕክምና ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ዓመት ነው። የመኝታ ክፍሎቹ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲተኛ እሷ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራ ስታጠና ያየቻት አንዷ፣ «ይቺ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው እንዴ የምትነሳው?» ብላ አሳቀች፤ ስሙ በዚያው ጸና። ያን ጊዜ ስሙ ያኮራት ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ስሟን ፍለጋ ከሦስተኛው መስመር በታች ወርዳ አታውቅም። ሰው ስለ እንቅልፍ ሲያወራ ስትሰማ፣ ስለ መጠጥ የሚያወራ ሰካራም ያጋጠማት ይመስል ፊቷን ታዞር ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከመማሪያ ክፍል ወጥተው ሆስፒታል ሲገቡ ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍን ከደጅ ስትመልሰው ኖራ፣ አሁን ደክሟት «ና ግባ» ብትለው እሱ በተራው አኮረፈ። በጊዜ አልጋዋ ላይ ትወጣለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጆሮዋ ግን ኮሪደሩ ላይ የሚጎተተውን ጫማ ሁሉ ሲከታተል ያድራል። ሊነጋጋ ሲል እንደምንም ሸለብ ሲያደርጋት ደወሉ ይጮሃል። ቀን ደግሞ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሲያስረዱ፣ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗ እንደተከፈተ ትጠፋለች።

ማጥናቱን አልተወችም፤ እንዲያውም ጨመረች። ግን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባ መጽሐፉን ስትከድን፣ የሽፋኑን ቀለም እንጂ ሌላ የምታስታውሰው የለም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው በእሷ ደረሰ። ዘጠናዎቹ ውስጥ የነበረው ውጤት ሰባዎቹ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ስልሳዎቹ ውስጥ። በኋላማ ስሟን ከታች ጀምራ መፈለግ ቀለላት።

የሚገርመው አለመከፋቷ ነው። ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን በጣቱ ሲነካው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለዋል፤ ለእሷ ኑሮዋ እንዲያ ሆነባት። እናቷ በስልክ «ዶክተሬ፣ እንዴት ነሽልኝ?» ስትላት «ደህና ነኝ» ትላለች። ደህና መሆንን ካለመሆን መለየት ካቆመች ግን ሰንብታለች።

አብራት የምትኖረው ልጅ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነበረች። ቅጽል ስሟ «ትራስ» ነው። ነገ ፈተና ቢሆን፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ትተኛለች። «ያላወቅኩትን ነገር ተኝቼም አላውቀውም፣ ነቅቼም አላውቀውም። ታዲያ ምን አቆመኝ?» ትላለች። ውጤቷ መሃል ላይ ነው፤ ከመሃል ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ሐኪም ቤት ሂጂ» ትላታለች።

«ሐኪም ቤት አይደል እንዴ ውዬ የምመጣው?»

«እንደ በሽተኛ ሂጂ ነው የምልሽ!»

«ከፈተናው በኋላ።»

ሁሉ ነገር ከፈተናው በኋላ ነበር። ፀጉር መሠራት ከፈተናው በኋላ፣ ቤተሰብ መጠየቅ ከፈተናው በኋላ፣ መተኛትም ከፈተናው በኋላ።

ፈተናው ደረሰ። የውስጥ ደዌ የተግባር ፈተና ማለት፣ ተማሪው ከአንድ በሽተኛ ጋር መጋረጃ ተጋርዶለት ሠላሳ ደቂቃ ብቻውን ይተዋል። ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ያዳምጣል። ከዚያ ፈታኙ ይገባና «እሺ፣ ምን አገኘህ?» ይላል። የዚያን ዕለት ፈታኝ ተማሪዎች «ወንፊት» የሚሉት ሐኪም ነበር፤ በእሱ በኩል ያለፈ ተማሪ በደንብ የተፈጨ ነው ይባላል።

የደረሷት በሽተኛ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ፣ መዳፋቸው እንደ ሞረድ የሻከረ ሰው። ከልባቸው በሮች አንዱ በደንብ አይገጥምም፤ ደሙ በስንጥቁ ወደ ኋላ ሲመለስ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ጎልቶ ስለሚሰማ ተማሪ ሁሉ እየመጣ ያዳምጣቸዋል፤ ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ ሳትቀር «ባለፉጨቱ አባት» ነው የምትላቸው።

«ነይ ልጄ፣» አሏት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው እየፈቱ፤ «ሬዲዮኑን ልትከፍቺ ነው? ዛሬ እንኳ አዲስ ዜና የለውም። ያው የትናንቱ ፉጨት ነው።»

ፈገግ አለች፤ እዚህ ቦታ ላይ ፈገግ እንደሚባል ስለምታውቅ። መልሱን በጆሮዋ እንዳቀበሏት ግን ልብ አላለችም። መቼ እንደሚያፍናቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ስንተኛው ላይ እንደሚያርፉ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ዘርዘር አድርገው መለሱ። የጻፈችው ግማሹ ከመስመሩ እየወረደ ገጹ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሟል። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ደረታቸው ላይ ጎንበስ አለች። መጋረጃው ውስጥ ይሞቃል። የሽማግሌው ደረት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ የሆነውን ያወቀችው ኋላ ሲነገራት ነው። ግንባሯ ቀስ እያለ ወርዶ ሽማግሌው ደረት ላይ አረፈ። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንዳለ፣ ጉልበቷ የአልጋውን ጠርዝ ተደግፎ፣ በቁሟ ተኛች። ሽማግሌው መጀመሪያ አጥብቃ የምታዳምጥ መስሏቸው ነበር፤ ማንኮራፋት ስትጀምር ገባቸው። ሳል መጣባቸው። ደረታቸው ከተነቃነቀ እንደምትነቃ ስላወቁ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳሉን እየመለሱ ዋጡት።

ወንፊት መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እሽሽ፤ ቀስ ይበሉ ዶክተር። ልጅቷ ተኝታለች።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ እሷን አየ። በእስክሪብቶው ጫፍ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። ቀና ስትል የሽማግሌው ሸሚዝ ላይ የምራቋ እድፍ ነበር።

«እሺ፣» አለ ሐኪሙ፤ «የልባቸው ድምፅ እንዴት ነው?»

«ጤነኛ ነው። ተጨማሪ ድምፅ የለውም» አለች፤ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ኧረ ልጄ፣ ፉጨቱስ?» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። ሐኪሙ ዞር ብሎ ሲያያቸው ደነገጡ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር፤ ወሬ አብዝቼ እኔ ነኝ ያስተኛኋት።»

ወደቀች።

ከሁለት ቀን በኋላ ወንፊት ቢሮው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የበረደ ሻይና የሁለት ዓመት ተኩል ውጤቷ በተርታ የተጻፈበት ወረቀት ነበር።

«ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?»

«በቂ ነው።»

«ስንት?»

«ሦስት። አንዳንዴ አራት።»

«እኛም ስንማር አልተኛንም» አለ። ከአፉ የወጣው ነገር ለራሱ ያልጣመው ይመስል እስክሪብቶውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ትፈተኛለሽ። ያን ከወደቅሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ዶክተር።»

ክፍሏ ገብታ ለትራስ ስትነግራት ያለቀሰችው ትራስ ናት። አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «አንቺ አታለቅሺም እንዴ?» አለቻት።

«አልመጣልኝም» አለች ጄነሬተር፤ መጽሐፏን ከቦርሳ አወጣች።

ስድስቱን ሳምንት በምታውቀው መንገድ ያዘችው፤ የተረፋትን እንቅልፍ ቀንሳ ሰዓት ጨመረች፣ ሻዩን አወፈረች። ሆስፒታል መዋሉም አልቀረላትም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ተረኛው ሐኪም ያዘዘውን የመርፌ መድኃኒት ወደ በሽተኛው ካርድ እንድትገለብጥ ተሰጣት። ገለበጠች። ጥቂት ቆይቶ የክፍሉ ነርስ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ካርዱን ይዘው መጡ።

«እስቲ ነይ ልጄ። ይቺን አንብቢልኝ።»

«አምስት።»

«አምስት? ለማን ነው አምስት? ለበሬ?» ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ከጎኑ አኖሩላት። ዜሮ ነጥብ አምስት ይላል። «ዜሮዋስ ትሂድ፤ ነጥቧ የት ገባች?»

ጄነሬተር ሁለቱን ወረቀት አየች። እስክሪብቶ አወጣች፣ ሰረዘች፣ አስተካክላ ጻፈች፣ ፈረመች። ሲስተር እዚያው ቆመው ፊቷን ያያሉ፤ ትደነግጣለች ብለው ሊያጽናኗት ተዘጋጅተው ነበር።

«ይሄን ብወጋው ኖሮ ሰውዬው ምሳ አይደርስም ነበር እኮ» አሉ።

«አዎ» አለች። ካርዱን መለሰችላቸው።

ማታ ልብስ እያጣጠፈች ለትራስ አወራቻት፤ ምሳ ምን እንደነበር በምታወራበት ድምፅ። «ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።»

ትራስ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሁሉንም ከሰማች በኋላ፣ «ምን ተሰማሽ?» አለቻት።

«ምንም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ርቦኝ ነበር» አለች።

ያን ቀን ትራስ በአራት ሰዓት አልተኛችም። የጓደኛዋን ስልክ ከጠረጴዛ አንስታ ኮሪደር ወጣችና «አባዬ» ወደሚለው ስም ደወለች።

የጄነሬተር አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጦ፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። በሁለተኛው ቀን በጠዋት አውቶቡስ መጣ። የሴቶች መኖሪያ ወንድ ስለማያስገባ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ ለሰርግ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ። ስታየው አልገረማትም። ሳማትና ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየ። ከሳሽ፣ ጠቆርሽ አላለም። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ይዟት ገባ።

«ትንሽ ልጅ ሆነሽ እግሬ ተሰብሮ ቤት የተኛሁትን ታስታውሻለሽ?» አላት ሻዩን እያማሰለ።

«ፍሬን እምቢ ብሎህ።»

«ፍሬን አልነበረም። ተኝቼ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበር። የሚገርምሽ፣ ፍርሃት የሚባል አልነበረኝም። የሚፈራ ሹፌር እኮ ዳር ይይዝና ይተኛል። ለእኔ መንገዱ እንደ ሲኒማ ያልፋል፣ እኔ ተመልካች ነኝ። የሚሄደው የሰው መኪና ነው የሚመስለኝ። ስነቃ በቆሎ እርሻ ውስጥ ነኝ።»

«ሰው ነበር?»

«አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ ቆማለች። ከመኪናዋ አፍንጫ እስከ እሷ...» ዙሪያውን አይቶ፣ «ከዚህ እስከዚያ በር» አለ።

ዞራ በሩን አየችው። ሦስት እርምጃ ነው፤ ምናልባት አራት።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ? ሹፌር ተኛ ይባላል?»

«ሐኪምም ተኛች አይባልም።»

«አይባልም። እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።» ሻዩን ሳይጠጣው ወደ ጎን ገፋው። «እናትሽ እንዳትሰማ።»

«ስለ ማን? ስለኔ ወይስ ስላንተ?»

«ስለ ሁለታችንም» አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን መሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ?» አላት።

በሩን ደግማ አየችው። «አይመስለኝም አባዬ» አለች።

በማግስቱ ሳትጠራ ወንፊት ቢሮ ሄደች። ድጋሚ ፈተናውን እንደማትቀመጥ ነገረችው።

«ሦስት ሳምንት ቀርቶሽ? ልታልፊ እኮ ትችያለሽ» አለ።

«ላልፍ እችል ይሆናል። ግን ዘንድሮ ያነበብኩት እኔ ጋ የለም። ዓመቱን ልድገም።» ከዚያ የነጥቧን ነገር ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ነርሷ ለማን ሪፖርት አደረጉ?»

«አላውቅም። ለእርስዎ ግን እኔ ነግሬዎታለሁ።»

«ሰው ያወራል። ከላይ የነበረች ልጅ ወደ ታች ስትወርድ ወሬ ይጣፍጣል።»

«ያውራ።»

ሁለት ወረቀት ጻፈላት። አንዱ እስከ አዲሱ ዓመት ፈቃድ ነው። ሌላው ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚወስዳት ነው፤ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን የምታይ ሐኪም አለች አላት። ስትወጣ፣ «ግንበኛው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል» አለ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወራ ሰው መስኮቱን እያየ፤ «ሲወጡ 'ያቺ ልጅ ተኛች ወይ?' ብለውኛል።»

የእንቅልፍ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጄነሬተር ክኒን ትሰጠኛለች ብላ ነበር የሄደችው፤ ሐኪሟ ግን ዝርዝር ሰጠቻት። ተኛሽም አልተኛሽም ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሽ። ከምሳ በኋላ ሻይ የለም። ቀን ሸለብታ የለም። አልጋ ላይ መጽሐፍ የለም። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስተሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ አልጋ ላይ አትከራከሪው።

«ስሜትሽስ?» አለቻት በመጨረሻ።

«ጠፍቷል።»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

«እሱን ቀጠሮ አልሰጥሽም» አለች ሐኪሟ።

ቤት መግባቱ ቀላል አልሆነም። እናቷ ሠፈሩን ሁሉ «የዶክተሯ እናት» አስብላ ነው የምትኖረው። ዓመት መድገሟን ስትሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ከድስቱ ጋር ተጣላች፤ ክዳን ይጮሃል እንጂ ሰው አያወራም። አባቷም አልተከራከረም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ጓሮ ወጥቶ መኪናውን ያጥባል። ልጅቷ በዚያ ሁሉ መሃል በዝርዝሩ መሠረት ማለዳ ትነሳለች፣ ቀኑን ታሳልፋለች፣ ሌሊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ለውጥ የለም። እንዲያውም ባሰባት፤ ቀን ላይ ሸለብታ የሚባለው ሲከለከል የነበራትም ሄደ።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ግን እንቅልፍ ጣላት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከላይዋ ቆማለች።

«ምን ሆነሻል እማዬ?»

«እኔማ ሞተሽ መስሎኝ!» አለች እናቷ፤ መትረፏን ስታይ ደግሞ ቁጣዋ መጣ። «ይሄ ነው የቀረን! ዓመት መድገሙ ሳያንስ እስከ ረፋድ መጋደም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» ይህን ብላ ሄደች፤ ግን በሩን ስትዘጋ ድምፅ እንዳያሰማ እጀታውን ጠምዝዛ ነበር የዘጋችው።

እንቅልፍ ከዚያ በኋላ እንደ ጎረቤት ሆነ፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። አዲሱ ዓመት ሲጀመር ተመልሳ ገባች። ትራስ ወደ አራተኛ ዓመት አልፋ ሌላ ሕንፃ ተዛውራለች። አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቿ በአንድ ዓመት ያንሷታል፤ በቀልድ «እታለም» ይሏታል፤ ጄነሬተር የሚለውን ማንም አያውቀውም። የመጀመሪያው ፈተና ስልሳ ስምንት ሰጣት። የሚቀጥለው ሰባ ሦስት። እንደ ድሮው ከላይ አልወጣችም። ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ ያነበበችው ገጽ በማግስቱ እዚያው ይጠብቃታል። ካርድ ላይ ቁጥር ስትጽፍ ነጥቧን አጥቁራ፣ ሁለቴ አንብባ ትፈርማለች። ደስ ይላት እንደሆነ ትራስ ስትጠይቃት፣ «ይሠራል» አለች። ከዚያ የበለጠ የምትለው አልነበራትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነጫጭ ጋውኖቿን አጥባ ከሕንፃው ጀርባ አሰጣቻቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልታገላብጥ ስትሄድ ሦስቱም ሲሚንቶው ላይ ተጠቅልለው ተጥለዋል፤ ገመዱ ላይ የሌላ ሰው ጂንስ ተንጠልጥሏል። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ልጅ፣ የስልክ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላ ጂንስ ትጨምቃለች።

«ማን ነው ያወረደው?»

ልጅቷ አንዱን ከጆሮዋ ነቅላ፣ «ገመዱ የሁሉም ነው» አለች።

መጀመሪያ የጋለው ጆሮዋ ነው። ምን እንደሆነ እስክታውቀው አፏ ቀደማት።

«የሁሉም ከሆነ የኔን ምን አስጣለሽ? አንቺ ሰው አይደለሽም? ይሄን ሳጥብ የተላጠ እጄን ታያለሽ? መሬት ላይ ትጥዪዋለሽ? መሬት ላይ!»

መስኮቶች ተከፈቱ። አንዷ ከሦስተኛ ፎቅ «ምንድን ነው?» አለች። ልጅቷ ደንግጣ ጂንሷን ከነመቆንጠጫው ጎትታ ይቅርታ እያለች ሄደች። እሷ ግን ገና አላበቃችም ነበር፤ ለባዶው ገመድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመረችለት። ልቧ ያለ ማዳመጫ ይሰማታል።

ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያኔ እንባዋ መጣ፤ ለጋውኖቹ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ምሳ ላይደርስ የነበረው ሰውዬ፣ ልጅ ያዘለችው ሴትዮ፣ ሳላቸውን የዋጡት ሽማግሌ፣ ሁሉም ተጋፍተው በአንድ በር ገቡባት። ፊቷን በእርጥብ እጀታ ሸፍና እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ከላይ የሚያዩዋት መኖራቸውን ረስታ።

ከዚያ ረፋድ ላይ ውሃ ስለሚጠፋ ተነሳች፤ ጋውኖቹን ደግማ ማጠብ ነበረባት።